«አል» እና «ም»

ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከጃንተከል ዝቅ ብላ፤
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል በጃንጥላ።
የዚያን ሐሙስ እህትና ወንድም ገቡ ተጋፍተው፣
አንድ ላፕቶፕ በሁለት ጫፍ ይዘው።

ስማቸው ጓንጉል በቀኝ፣ ፈንታነሽ ጓንጉል በግራ፤
አንዱ ቢለቅ ሌላው ይዞ የሚሮጥ ይመስል፣ በጋራ
ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።
«ይንጫጫል» አለች እሷ። «ይቆራረጣል» አለ እሱ።
«የአባታችን ድምፅ ነው፤ አደራ፣
ኮፒ አይደረግም፣ ፍላሽ አይሰካም፣
እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ ይሠራ።»
ሦስቴ ሽማግሌ ተቀምጦ ሦስቴ ተነሥቷል፣ ቃሉ ሳይለይ፤
ሰኞ ደግሞ ችሎት አለ፣ ጉዳዩ ዳኛ ጋ ሊታይ።

ከፈትኩት። እንደሚቆላ ሽምብራ እየተንጣጣ፣
አንድ የሽማግሌ ድምፅ ተቆራርሶ ወጣ፦
«የቸቸላውን ቤት ለስማቸው... ጠሽሽ... ሸጥኩ... ጠሽ...»
«ይኸው! ሸጥኩ አለ!» አለ ወንድም፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ።
«አልሸጥኩም ነው!» አለች እህት፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ።

አማርኛችን እምቢ ሲል ሁለት ዘበኛ ያቆማል፤
«አል» በፊት በር፣ «ም» በጓሮ ያድራል።
ሁለቱን ጩኸት ከበላቸው፣ መሐል ቤት የቀረው ቃል
እምቢ ብሎ የተኛ፣ እሺ ብሎ ይነሣል።

እኔ ዳኛ አይደለሁም። ከቀላሉ ጀመርኩ፤
የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ አዳመጥኩ፤
ያው መንጣጣት። ስፒከሩን በነጻ አሰናበትኩ።
የማሽኑን የራሱን ደወል አስጮህኩ፤
እሱም ተንጣጣ። ፋይሉንም ለቀቅኩ፤
ሟቹ አልተንተባተቡም።

ማራገቢያውን በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፤
አንድ እፍኝ የቸቸላ አቧራ ወጣ እንጂ ለውጥ አላየሁ።
ዋይፋዩን አጠፋሁ፤ ለአፍታ ሰከነና አገረሸ።
ድራይቨሩን ነቅዬ አዲስ ጫንኩ፤ ሰዓቱ መሸ።
ደጁን ዝናብ ይወቅጠዋል። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤
በስክሪኑ ወገግታ ሦስት ፊት ብቻ ቀረን።
ድምፁም በባትሪ ሲሆን ጭራሽ ከፋ።

እዚህ ጋ ገባኝ።
«ቆጣቢ ነበሩ?» አልኩ።
«እንዴታ!» አሉ ሁለቱም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ አፍ፤
«የሂሳብ መምህር ነበር፤ በጠመኔ ስባሪ፣
ጥፍሩ ሰሌዳ እስኪነካ የሚጽፍ።»

ማሽኑንም እንደራሳቸው ቆጥብ ብለው አዘውታል፤
ባትሪ እንዳይፈጅ ሲራብ ውሎ፣ ድምፅ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል።
ቆጣቢውን አጠፋሁ። ሙሉ ጉልበት ሰጠሁት።
እንደገና ከፈትኩት።

«የቸቸላውን ቤት ለስማቸው አልሸጥኩም፤
ለፈንታነሽም አላወረስኩም።»

ጥርት ያለ ነው። አራቱም ዘበኞች በየበራቸው።
እህትና ወንድም ተያዩ፤ የሚሉት ጠፋቸው።

ላቆመው እጄን ስዘረጋ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ሸፍኖት የኖረ
ሌላ ነገር ተሰማ። ወንበር ሲጥ አለ። ጉሮሮ ተጠረገ።
«ማን አለ?... ማነው እዚያ ቤት?... ውሃ።»
የስክሪኑ ሰዓት አሥራ አንድ ሴኮንድ ቆጠረ።
እግር አልተሰማም። በር አልተከፈተም።
ሩቅ፣ የባጃጅ ጥሩንባ።
ቀጥ። ፋይሉ አለቀ።

«ልድገመው?» አልኩ።
ስማቸው ሳይከራከር አራት መቶ ብር ቆጥሮ አስቀመጠ።
ፈንታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀድማው ወጣች።
ዝናቡ አላባራም፤ አንዳቸውም ጃንጥላ አልዘረጉ።
ሰኞ ችሎት ቀረቡ ወይ? አልጠየቅሁም።

መብራቱ ሲመጣ፣
በሁለት ጫፍ ተይዞ የመጣው ላፕቶፕ እጅ የሚነካው አጥቶ ነበር።
ይኸው ሁለተኛ ክረምቱ፣ መደርደሪያዬ ላይ፣
ባለቤት ከረሳቸው ስልኮች ጋር።
ባትሪው እንዳይሞት ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጅ አደርገዋለሁ።
አቧራውን እጠርጋለሁ።
ድምፁን ግን አልከፍትም።