አራተኛው እግር

ሂርማታ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
ሙዘይን ደውሎ «ነይ፣ ሞተ» ይለኛል።
ማን ሞተ አልለውም። አውቀዋለሁ የቱን፦
ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ያቆመውን፣
የሰው አቤቱታ በገጽ የሚሸጥበትን፣
ያንን ሽማግሌ፣ ያንን ጥቁር ሣጥን።

«ይሄ ፋን አይከርምም» ብዬው ነበር ቀድሞ።
አዲሱ ማቀዝቀዣ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣
በሌሊት አውቶቡስ፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ከርሞ።
በፌስታል ጠቅልዬ፣ መፍቻዬን በኪሴ፣
ባጃጅ ጭቃ እየረጨኝ፣ ደረስኩ በራሴ።

በሩ ሥር አንዲት ሴት፣ ከሰቃ የመጣች፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።
ስሟ ላይ ሲደርስ አራት ጊዜ ጠፋባት፤
አራት ጊዜ ጀምሮ፣ አራት ጊዜ ሞተባት።
«ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ትኩሳት ነው» አልኳት።
«እርጥብ ጨርቅ ብንጥልስ?»
«ኧረ! እሱስ ይቅርበት።»

ጎኑን ፈታሁት።
ጉድ ነው! ከክንፎቹ መሀል
የወፍ ጎጆ የሚያህል ብናኝ ተጎዝጉዟል።
ቀይ አፈር መስሎኝ ነበር። አሸተትኩት፤ ዋንዛ ነው፤
ከጎረቤት፣ ከአባ ቢያ አናጺ ቤት የመጣ ነው።
ሰባት ዓመት ሙሉ
እሱ ሲልግ፣
ይሄ ሲምግ።

ሙዘይን ግድግዳውን በቡጢ ሲመታው፣
አባ ቢያ በር ላይ ቆመ፤ ጩኸቱ ነው ያመጣው።
ጢሙ ላይ ብናኝ አለ። «ክሰሰኝ» አለው እየሳቀ፣
«ግን ክሱን በምን ልትጽፈው? ኮምፒውተርህ እንደሁ ወደቀ።»

አሮጌውን ነቀልኩት። የሥሩ ፔስት ደርቆ፣
እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ።
ትንሽ አልኮል፣ ትንሽ ጥጥ፤ ፊቱን ጠረግኩለት፤
ከሥር መስታወት ወጣ፤ የራሴን ዓይን አየሁበት።
ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ብረት
የስንቱን ሙግት ሲያስብ ነዷል!

አዲሱን ፔስት ጠብ አደረግኩ፣ የአተር ፍሬ ታህል።
«ጨምሪ እንጂ፣ ከፍዬበት የለም?» ሙዘይን ይላል።
«የፀጉር ቅባት አይደል፤ ሲበዛም ይጎዳል።»

አንደኛው እግር ቀጭ አለ።
ሁለተኛው ቀጭ።
ሦስተኛው፣ ትንሽ አንገራግሮ፣ ቀጭ።
አራተኛው ዝም።
ገፋሁት፤ ዝም።
ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤
ቦርዱ ጎበጠ፤
ልቤም አብሮት ጎበጠ።

«ተይው ልጄ» አለ አባ ቢያ፣ «ሦስቱ ይበቃዋል።
የኔ በርጩማ በሦስት ቆሞ ስንት ወፍራም ጠበቃ ተሸክሟል!
አራት እግር ነው የሚዋልል፤ ሦስት የትም ይቆማል።»

እውነቱን ነው። ግን ይሄ መቀመጫ አይደለም፤
አንዱ ጥግ ከተነሣ ሌላውም አይድንም።

ሴትዮዋ ተነሣች።
ሻሿን ወደ ኋላ ጣለች።
«ወዲህ በይው» አለች።
አውራ ጣቷን አየሁት፤ ጠፍጣፋ፣ ጥፍሩ የተሰበረ፣
ስንት ክረምት ጎደሬ ከመሬት ሲነቅል የኖረ።
አላማጠችም። አልተጨነቀችም።
ዝም ብላ ጫነችው።
ቀጭ።

ሶኬቱን ሰካሁ፤ ቁልፉን ተጫንኩ።
ምንም አልሰማንም።
ሰባት ዓመት ሲያጓራ ለምደነው ስንኖር፣
ዝም ሲል ደግሞ የሞተ መስሎን ነበር።
እሷ ግን መዳፏን ከኋላው ዘረጋች፤
ጥቂት ጠበቀችና
«ይተነፍሳል» አለች።

«ከሂሳቤ የአንድ ገጽ ቀንሰህ ለሷ ጻፍ» አልኩት።
«የምን?» አለ።
«የአራተኛው እግር።»
ሙዘይን ጣቱን አፍታቶ
«ከየት ነበር ያቆምነው?» ሲል ጠየቃት።
«ከስሜ» አለች። «ዙለይካ አባ ረጋ።»
ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የጠፋ የለም።

ከግድግዳው ማዶ መላጊያው ጀመረ።
ሙዘይን ሳይናገር ተነሣ፤
ስህተት የወጣበትን የትናንት ማመልከቻ ጨማድዶ
ስንጥቋን ደፈነ።