ሃያ ሦስት ኪሎ

አስር ወር ብቻ ነው፣ እላለሁ ለራሴ፣
አልጋው ላይ ሲቆለል ያለ የሌለ ልብሴ።
ሻንጣው አፉን ከፍቶ፣ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ፣
«የምትጥዪውን ጣዪ፣ ብቻ ቶሎ አስቢ»
ይለኛል።

ነሐሴ ነው ጊዜው፣ ጣራው ያፈሳል፣
ሰኞ ያጠብኩት ሹራብ እስከ ዛሬ ያለቅሳል።
እርጥብ ልብስ ከባድ ነው፤ አየር መንገድ ደግሞ
ሃያ ሦስት ኪሎ ይላል፣ ደጋግሞ ደጋግሞ።

እኔ የማውቀው ኪሎ፣ በእግሬ የለካሁት፣
አራት፣ አምስት፣ ስድስት ብዬ የቆጠርኩት፣
ቢደመር ቢታሰር አስራ አምስት ነው ሁሉ፣
እስከ አንበሳው ግቢ፣ ከነዳገቱ በሙሉ።
ስምንት ይተርፈኝ ነበር፣ ለካልሲ ለጫማ፣
ሰፈር ቢታጠፍ ኖሮ እንደ ፎጣ፣ እንደ ሸማ።

ትርሲት መጣች ማታ፣ ኦስሎ የኖረችው፣
ዝርዝሬን አንብባ ግማሹን ሰረዘችው።
«ጥቁር ሱሪ ሁለት፤ ጥቁር ከሁሉ ይሄዳል።
ጃንጥላውን ተዪው፣ ንፋሱ ይገለብጠዋል።
ክር ካልሲ አይረባም፣ ሱፍ ነው እዚያ ሰው የሚያደርገው።
ተረከዝ ያለው ጫማ? በረዶ ላይ ማንን ልታስቂ ነው?»
የሐበሻ ቀሚሴን ግን አልሰረዘችም።
አጥፋ ከላይ አኖረችው፣ ከሁሉም በላይ፤
«ለባህል ቀን» አለች፣ «አገር ሆነሽ ትቆሚያለሽ
ለሁለት ሰዓት ያህል፣
በኔፓልና በፔሩ ጠረጴዛ መሃል።»

ስትወጣ አወጣሁት።
በሱ ፈንታ የከተትኩት የሌሊት ልብሴን ነው፣
ብብቱ የተቀደደ፣ ቀለሙ የጠፋው፣
ማንም የማያየው፣ ማንንም የማይወክል፣
ሌሊት ሌሊት ብቻ እኔን እኔን የሚያህል።

ማስተዋል፣ ታናሼ፣ በሩን ተደግፋ
የማይሄደውን ክምር በዓይኗ ትመትራለች፤
ቀዩን ጫማዬን አድርጋ ነው የቆመችው።
«ከተመለስሽ አደራ ነው፣ ካልተመለስሽ ስጦታ።»
አስር ወር ነው አልኩ እንጂ!
ሳቀች። ጫማው ልኳ ሆኗል፤ መቼ እንዳደገች እንጃ።

የጋሽ ጥጋቡ ስጋ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፣
ፍልሰታ ነውና ሚዛኑ ስራ ፈትቷል።
«አምጪው» አለኝ። ሻንጣዬን
የበሬ ጭን በሚንጠለጠልበት መንጠቆ ላይ ሰቀለው፤
ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ።
«ሃያ ሰባት» አለ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣
«ሻኛው በዝቷል ልጄ፣ ይቀነስ አራት ኪሎ።»

አራት ኪሎ?
አራት ኪሎ እኮ ካፖርቱ ነው፤ ብቻውን፣ ባዶ ኪሱን።
ሳልባጅ ተራ አገኘሁት፣ ከክምሩ መሃል
አንድ እጅጌ አውጥቶ ሰላም ሲል።
ኮሌታው ውስጥ በሰማያዊ ክር «ኢንግሪድ» የሚል ስም፣
ኪሱ ውስጥ የትራም ትኬት፣ ቀኑ አይነበብም።
ትርሲት አይታ «የነሱው ስም ነው» አለች።
ጠቧት ይሁን ሰልችቷት፣ አጥፋ ለአንድ ሰው ሰጠችው፤
መርከብ ጫነው፣ ጅቡቲ ጣለው፣ አይሱዙ አመጣው።
አሁን ቤቱ ሊገባ ነው።
ሸኚው እኔ ነኝ።

ከሻንጣው መዝዤ እዚያው ስጋ ቤት ለበስኩት፣
አራት ኪሎ ለብሼ አራት ኪሎን አቋረጥኩት።
ከላይ ዝናብ፣ ከውስጥ ላብ ያጠምቀኛል፤
የታክሲው ረዳት «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይለኛል፤
ይብቃኝ አልኩት በሆዴ፣ ትርፍ አያሳልፉም።

ማታ ማስተዋል ቁልፎቹን በጣቷ ቆጠረች።
አምስቱ ጥቁር፤ ስድስተኛው ቡናማ፣
ልብስ ሰፊው ዘለቀ፣ ደረጃው ስር ተቀምጦ፣
ከማን ኮት እንደነቀለው ሳይነግረኝ፣
በአረንጓዴ ክር የተከለው።
«ይቺኛዋስ?» አለች።
«ይቺ የኛ ናት።»
ዝም ብላ፣ ከታች ጀምራ፣
እስከ አገጬ ድረስ ቆለፈችልኝ።