የ«ቤ» ቀለበት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣
አንዲት አሮጌ ታይፕ ሣጥን ላይ አውጥቼ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ጻፍኩ የሰው ነገር ሰምቼ፤
እግድና ይግባኝ፣ የወሰን ስሞታ፣
«ሁከት ይወገድልኝ» የሚል አቤቱታ።

ታይፔ አንድ ጉድ አላት፤
«ቤ» ላይ ስትደርስ ቀለበት ይጎድላታል።
«ቤት» ብዬ ስመታ «በት» ብላ ትተፋዋለች፤
ፍርድ ቤቱም ሳይቀር «ፍርድ በት» ይሆናል።
ስለዚህ ወረቀቱን አውጥቼ፣ በሰማያዊ እስኪርቢቶ፣
ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ
ቀለበት አጠልቃለሁ።
አንዳንዱ ክስ አርባ ቤት አለው፤
አርባውንም ድሬ ነው የማስረክበው።

ማክሰኞ ወይዘሮ የሻረግ መጣች ከሠራተኛ ሰፈር፣
በጥቁር ፌስታል ቋጥራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወር።
ደረሰኝ ነው ሁሉም፤ ስምንት ብር ከሃምሳ፣
ጫፉን አይጥ የቀመሰው፣ መሐሉ የረሳሳ።
ስሙ ግን ይነበባል፤ አቶ ተክለወልድ ይርዳው።
ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።
ሆኖም ወር በገባ በአምስተኛው ቀን
ወረዳ ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ ይከፍላል፤
ደረሰኙ እንደዚያ ይላል።
ሙት ኪራይ አያዘገይም።

ከሳሹ የወንድሙ ልጅ ነው፣ ናሁሰናይ።
በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣
ክረምቱን ሊያሳልፍ መጥቶ ቅጽ ላይ ተሞላ፤
መስከረም ሲጠባ ሄደ፤
ቅጹ ግን አልሄደም። ዛሬም «አብሮ ነዋሪ» ነው።
ክፉ ልጅ አይምሰላችሁ፤
ጎሮ ላይ ሁለት ልጅ ይዞ ተከራይቶ ይኖራል፣
አከራዩ በየስድስት ወሩ ይጨምርበታል።
እሷ የመጣችው ከቅጹ ስድስት ዓመት ዘግይታ ነው፤
ግድግዳውን ጭቃ መረገች፣
ጣራውን በላስቲክ ደፈነች፣
የሰውዬውን ገላ አራት ዓመት እያገላበጠች አጠበች፤
ወረቀት ላይ ግን የለችም።

ፌዴራሉ፦ «ከተማ ነክ ነው፣ ሥልጣን የለኝም» አለ።
ከተማው፦ «ወረዳው ይጠየቅ» አለ።
ወረዳው ጋ ፋይሉ የለም፤
ፋይሉ ሲገኝ ኃላፊው የለም፤
ኃላፊው ሲገኝ ኔትወርክ የለም፤
ቀጠሮ ግን አለ።

«ዝምድናሽ?» አልኳት፣ ጣቴን ከታይፑ በላይ ሰቅዬ፣
«ምን ብዬ ልሙላልሽ? ሠራተኛ ብዬ?»
«ነበርኩ እንጂ፤ ደሞዝ መስጠቱን እስኪረሳው፣
እኔም መጠየቄን እስክተወው።»
«ሚስት?»
ዝም አለች። በረኪና የበላው ጣቷን አየች።
እኔም አየሁት። ምንም የለበትም።
«አስታማሚ?»
«እሱማ ሲታመም ነው።
ደህና የነበርንበትን ጊዜስ ምን ትለዋለህ?»

«ስንት ሌሊት ቁጭ ብለሽ አደርሽ?» ብላት
«ቤት ይቁጠረው» አለችኝ።
ሰው ለአፉ ያህል የሚላትን እሷ የምሯን ነው፤
ሌላ ምስክር የላትም።
ቆጥሮም ከሆነ ቤቱ ነው የቆጠረው።

የዝምድናውን ቦታ ባዶ ተውኩት።
ጻፍኩ፦ በቤቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ከቤቱ እንዳልወጣ፤
ወረቀቱ ሲወጣ በበቱ፣ ስለ በቱ፣ ከበቱ።
አንድ በአንድ ዳርኳቸው።
የመጨረሻዋ ስትቀር እስኪርቢቶውን ሰጠኋት፤
«ይህቺን አንቺ» አልኳት።

ጎንበስ አለች። እጇ ተንቀጠቀጠ።
ቀለበቷ ከፊደሉ ገዝፋ ወጣች፣
መስመሩን አልፋ የታችኛው ቃል ላይ ተቀመጠች።
ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሬጅስትራሩ ‹ይሄ ምንድነው?› ካለሽ»
አልኳት ሃምሳ ብሬን ስቀበል፣
«የታይፕ ስህተት ነው በዪው።»

ለጥቅምት አሥራ ሰባት ተቀጥራለች።