መዳብ ላይ የተነቀሰች

ኢየሩሳሌም፣ ቤተ መዘክር፣ ሦስተኛው ጠባብ ክፍል፤
መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወረቀቱ እንዳይከስል።
ወንበሬ ከበሩ ጥግ። ሥራዬ፦ «አትንኩ» ማለት፣
በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሲብስም በግልምጫ ምልክት።

ፊት ለፊቴ አንዲት እናት፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ፣
አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ልጅ ታቅፋ የምትቀመጥ።
ቀለም የላትም፤ ጭረት ብቻ።
ጭረት ነው የቀሚሷ እጥፋት፣
ጭረት ነው ከራሷ ኋላ የሚንቦገቦገው ጸዳል፣
ጭረት ነው ከዓይኗ ሥር ያደረው ድካም።

አስጎብኚው ኤልያኪም ተማሪ አስከትሎ ይመጣል፤
እንደ ቅኔ መምህር ሰሙን ከወርቁ ይለያል፦
«ሰንሰለት ያለባት ጦጣ፣ የታሰረች ኃጢአት ናት፤
ወፏ ከእሾህ ትለቅማለች፤ የሚመጣው ስቃዩ ናት።
አጥሩስ? ከመኃልየ መኃልይ፣ የተቈለፈው ገነት።
የተቀመጠበት ጨርቅ» (ድምፁን ዝቅ ያደርጋል) «መገነዣውን ያስታውሳል፤
በእጁ የያዘው ፍሬ፣ የሔዋን ፖም ነው ይባላል።»
ተማሪው ይጽፋል። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«የተቀረጸ ምስል ለአንተ አታድርግ» ይላል ኦሪት።
እኔ የተቀረጸውን እጠብቃለሁ፣
በሰዓት ሠላሳ አምስት ሼቅል፣ ከምሳ ጋር።

ባለፈው ሳምንት እናቴን አመጣኋት፣ ከቂርያት ጋት፣ በአውቶቡስ።
አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት፣ አገጯ ሥር የወፍ እግር፤
በዘጠኝ ዓመቷ ጎረቤት በመርፌና በጥላሸት የወጋቻት፣
ቄስ አባቷ ያወቁ ዕለት ሦስት ቀን ያላናገሯት፣
እዚህ አገር የገባች ቀን ነርሷ እድፍ መስሏት
በአልኮል ያሸችው።

መነጽሯን አደረገች። ቀረበች።
ጦጣዋን አላየች፤ ወፏንም አጥሩንም አላየች።
«ይህቺን ልጅ ማን ነቀሳት?» አለችኝ፤
«እጁ ጎበዝ ነው፤ አይንቀጠቀጥም።»

መዳብ መሆኑን ነገርኳት፤ ሹል ብረት፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ወረቀት፤
መዳቡ ላይ ግራ የነበረው ሲታተም ቀኝ እንደሚወጣ።
«ታዲያ እኛንስ» አለች፣
«እዚያ ወግተው እዚህ አይደል ያተሙን?»

ኤልያኪም ፖሙ ጋ ደርሷል። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፦
«ፖም አይደለም። ጫፉን እይው፣ እምብርት አለው።
ትርንጎ ነው።
የራሴን ስም አጣዋለሁ?»

ትርንጎ፣ መዝገብ ላይ ታማር ብለው የጻፏት፣
ጣቷን ሰደደች።
«አትንኩ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርቆ ቀረ።
ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ተማሪዎቹ ዞሩ፤
እሷ ጣቷን አላነሳችም፣
ልጁ ፍሬውን እስኪሰጣት የምትጠብቅ ይመስል።

ማታ ማታ መስታወት የምወለውለው እኔ ነኝ።
ጦጣዋ ላይ የቀረውን የልጆች አፍንጫ ጠረግሁ፤
አጥሩን ጠረግሁ፣ ጸዳሉን ጠረግሁ።
ከፍሬው ላይ አንዲት አሻራ፤
ክብ፣ በክብ ውስጥ ክብ፣
ቀለም የላትም፤ ጭረት ብቻ።

ጨርቁን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።