አራተኛው ረድፍ

የቡሬ መብራት ነው፤ ሳይሄድ ልቅደም ብዬ፣
ኤክሴሉን ከፈትኩት፣ ምሳዬን ጥዬ።
የሦስት ዓመት መዝገብ፣ ጠርዙን እበት የነካው፤
«ያዘች»፣ «አልያዘችም» — የላም አዳቃይን የሚለካው።

ካንድ መቶ ሙከራ፣ አርባው ነው የሠመረ፤
ዜሮ ነጥብ አራት፣ ከራስጌው ሰፈረ።
ከሥሩ ቀመሩ፦ መክሸፍ ተባዝቶ ተባዝቶ፣
አንድ መሳካት ብቻ፣ ከመጨረሻው ገብቶ።
የሕዋሱን ጥግ ይዤ፣ ጎተትኩት ቁልቁል፣
አርባ፣ ሃያ አራት፣ አሥራ አራት፣ እያለ ሲጎድል፤
መቶ ረድፍ ብወርድ፣ አንሶ አንሶ ቀጠነ፣
አለቀለት ስለው፣ ዜሮስ አልሆነ።

ይኼኔ ነው አንጓች፣ በሩን የገፋችው፤
ጃንጥላዋን ጥግ ላይ፣ አስደግፋ አቆመችው።
«ዳለቻዬ ደራች። ሦስት ጊዜ ከሸፈ፤
አራተኛው የኔ ነው፣ መቼም ያ ካለፈ።
ዕድልም ይሉኝታ፣ አይኖረውም ወይ?
ሰውን ባዶ እጁን፣ አራቴ ይሰዳል ወይ?»

ጣቷ ከስክሪኑ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ።
«ስምንት ከምናምን? ይኼን ያህል ነው ወይ
የወረደው የኔ ነገር?»
«አይደለም፣ እትዬ። እሱ ገና ሳንጀምር፣
ከበሩ ላይ ሆነን፣ የቆጠርነው ነበር።
ሦስቱ ካለፉ ግን፣ ለዛሬው ያው አርባ፤
ያለፈው መክሸፍሽ፣ ከሒሳቡ አይገባ።
ቁጥር ይሉኝታ የለው፣ ቂም ደግሞ አያውቅም፤
የትናንቱን ክሽፈት፣ ዛሬ ላይ አይጭንም።»

ዝም አለች። ቆጠረች።
ድርቆሹን፣ ፉርሽካውን፣ የቀረውን ወተት፣
ከፈጠም ወንዝ ማዶ፣ በየሃያ አንድ ቀኑ የነዳችበት።
«ይሁን፣ እሱስ ይርሳ። እኔ ግን አልረሳሁም።
ሦስቱን የት ልጻፈው? ለሱ ዓምድ የለህም?»

መልስ ስፈልግላት፣ መብራቱ ድርግም አለ፤
ሴቭ ያላልኩት ሰንጠረዥ፣ አብሮት ኮበለለ።
በእስክሪብቶ ጻፍኩ፣ ከመዝገቡ ዳር፦
«የአንጓች ዳለቻ። ሦስት። ድርቆሽ በብድር።»

ውጭ ዳለቻዋ፣ ከባሕር ዛፍ ታስራ፣
ጭራዋን ታማታለች፣ ከዝንቦች ጋራ፤
ሦስቱንም፣ ጠዋቱንም፣ ፈጽማ የረሳች፣
ዓይኗን ጨፈን አርጋ፣ ታመሰኳለች።

የናይትሮጂን ጋኑን፣ አስቀመጥኩ ከሣሩ፤
ቅጹን ገለጥኩና፣ ደረስኩ ከመስመሩ፦
«ስንተኛ ሙከራ?» እስክሪብቶዬ ቆመ።

«አንደኛ» ልል ስል፣ «አራተኛ» አለች
አንጓች፤ የላሟን ቀንድ፣ ግራ ቀኙን ያዘች።