በር ከፋች

ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ ነው ሱቄ፣ ቆርቆሮው የዘመመ፤
ስንቱ ቴሌቪዥን እዚያ፣ ሆዱ ተከፍቶ የተጋደመ።
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደጄ ላይ እንደ ደንበኛ ሲቆም
እኔ ፊልም አላይም፤ የማየው መስመር ነው፣ ቀለም፣
ድምፅ ከከንፈር ጋር መግጠም አለመግጠም።

አንዳንዴ ግን
ከዋናው ሰው ትከሻ ወዲያ፣ ደብዘዝ ካለው ጥላ፣
አንድ ግንባር ብቅ ይላል፣ ጸጉሩ የሸሸ ወደ ኋላ።
አሊጋዝ ይማም! የቧንቧ ውሃው፣ አብሮ አደጌ።
መበየጃዬን ነቅዬ እቆማለሁ፣ መነጽሬን ጠርጌ።
በር ይከፍታል። «ጌቶች፣ እንግዳ መጥቷል» ይላል።
ካሜራው እንግዳውን ተከትሎ ይሄዳል።
በር ከፋቹ እዚያው ይቀራል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በቀበሌው ኪነት መድረክ ላይ፣
ዱቄት ነስንሰው አስረጁት፤ ዱቄቱም ቀረ፣ እንደ አመዳይ።
ከዚያ ወዲህ ወጣት ሆኖ አያውቅም፦
የዕቁብ ጸሐፊ፣ የሙሽራ አጎት፣ ምስክር ቆሞ የማይጠየቅ፣
አንዴም ሬሳ፤ ተገንዞ አስነጠሰው፣ ካሜራማኑ እስኪወድቅ በሳቅ።
(ያን ቆርጠው ጣሉት። እኔ ብሆን የማስቀረው እሱን ነበር።)

አዲስ አበባ ሲጠሩት አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዞ ይሳፈራል፤
በሐረጎ ቁልቁለት፣ በየኩርባው፣ አንድ አንድ ጊዜ ይደግማታል።
«ምን አሉኝ ጋሼ?» ይለዋል አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ።
«ላንተ አይደለም፣ ለጌታዬ ነው፤ ገና አልተዋወቅንም እንጅ።»
ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ካፖርቱን ያስወልቀዋል፤
ቃሏን ግን እንደ ለበሳት ይሄዳል።
የሚከፈለው? የመሄጃ የመመለሻ፣ ከተረፈም የጫማ ሶል።

አንድ ክረምት አከራይ አደረጉት፣
የሙት ልጅ ከነፍራሿ በዝናብ የሚያስወጣ።
በማግስቱ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ሊገዛ ቢመጣ፣
ዘምዘም አቡዬ ሚዛኗን ከነድንጋዩ ደፋች፤
«ያችን ልጅ ሜዳ ጥለህ፣ ዛሬ ሽንኩርት?» ብላ ጮኸች።
«ትወና ነው» አላላትም። ባርኔጣውን አወለቀ፤
በዚያ ሰውዬ ስም «አጥፍቻለሁ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።
ዘምዘም ዝም አለች። መዘነች። ሁለት ራስ መረቀችለት፤
አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለዚያ ሰውዬ፤ እንደዚያ መሰለኝ፣ ሳያት።

እሑድ ማታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ደቂቃ ሰጥተውታል፤
የታሰረ ልጁን ሊያስፈታ የመጣ አባት ይሆናል።
ሰፈሩ ሱቄ ገባ። በርጩማ አለቀ፣ ልጆች ሣጥን ላይ ወጡ።
አሊጋዝ ከመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ፣ አፉን ሲከፍት፣
መብራት ጠፋ።

ማንም አልተራገመም። ከዚያ ብርድ፣ ከዚያ ጨለማ፣
አንድ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።
ከኋላችን። ከበሩ ጥግ። ለካ እስካሁን እዚያ ነው የቆመው።
«የያዛችሁት ልጄን አይደለም» አለ፤
«እኔ ሳልኖር ያደገውን ነው።»
ይህን ጽፈውለት ይሁን፣ ራሱ ጨምሮት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።
አንድ ልጅ ስልኩን ሊያበራ ሲል፣ «አጥፋው» አለች ዘምዘም።
ሠላሳ ዓመት ያኖረው ግንባር ለማንም አይታይም፤
ድምፁ ብቻ ነው የቆመው።
አራት ደቂቃ ይሁን አርባ፣ የቆጠረ ሰው የለም።

መብራት ሲመጣ ድራማው አልቋል፤ ስሞች ይወጣሉ ወደ ላይ፣ በችኮላ።
የሱም አልፏል መሰለኝ። አላነበብነውም፤ ሁላችን ዞረን ነበር ወደ ኋላ።

አሊጋዝ ግንባሩን ጠረገ። «መሸ፣ ብርድ ነው፣ ወደየቤታችሁ» አለና
በሩን ከፈተልን፣
ገለል ብሎ ቆመ፣ ለሚያልፈው ሁሉ፤ ልማድ ነውና።