ቅርብ ናት

ከእንጅባራ ወጣሁ፣ አስፋልቱን ትቼ፣
ሁለት ጎማ ነፍቼ፣ አንድ ዳቦ በልቼ።
ብስክሌቴ አሮጌ ናት፣ ሁለተኛ እጅ፣
ሰንሰለቷ የሚያጉረመርም እንዳኮረፈ ልጅ።
ባሕር ዳር ለጥ ያለች፣ ሜዳ ነው ኑሮዋ፣
ማርሿ ስድስት ሆኖ ባንዱ ነው ጉዞዋ፤
ዛሬ ግን ላሳያት ዳገት ከቁልቁለት፣
ቦዝነው የኖሩት አምስቱ ይሥሩላት።

የፋግታን አቋራጭ ብጠይቅ፣ አንዲት ሴት
ከከሰሏ ጆንያ ቀና ብላ ድንገት
በአገጯ ጠቁማ፣ “ቅርብ ናት” አለችኝ።
ቅርብ ናት!
እኔ የማውቀው ቅርብ የሰፈር ሱቅ ነው፤
የሷ ቅርብ ሦስት ተራራ፣ መሐሉ ወንዝ ነው።

ገባሁ ከዲከረንሱ። ዛፉ ተሰልፏል፣
ባንዲራ እንደሚሰቅል ተማሪ ቆሟል፤
ቀጫጭን፣ እኩያ፣ ባንድ ክረምት የበቀለ፣
አምስት ዓመት ብቻ እንዲኖር የተባለ።
ቅጠል ተነጥፎበት ጎማዬ ድምፅ የለው፤
ማዶ ካፈር ቁልል ጭስ የሚያፈተልከው
የከሰል ጉድጓድ ነው፣ ዛፍ የተቀበረው።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።
መጣ ነው የምለው፤ እኔ አልሄድኩበትም፤
እሱ ነው የወሰደኝ፣ ፈቃድ አልጠየቀኝም።
ሥር! ዘለልኩት። ድንጋይ! ለጥቂት ሳትኩት።
ቦይ! ተንጠለጠልኩ፣ ኮርቻውን ለቀቅኩት፤
ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ዓይኔ ውሃ ያቀርራል፣
ፍሬኔ ያፏጫል፣ ሆዴ “ተው፣ ተው” ይላል፣
አፌ ግን ይስቃል። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው፤
የሚያስቅ ነገር ግን ብዙም አልነበረው።

ታች፣ ወንዙ ዳር ስደርስ፣ ፉስስስ።
የኋላዋ ጎማ ትንፋሿን ለቀቀች፣
እንደ ሰነፍ በሬ መሐል ትልም ተኛች።

ኮቴ ሰማሁ። ቡላ ፈረስ፣ ጌታው እምቢአለ፤
ወርዶ ጎማውን ቆነጠጠና “ታማለች?” አለ።
“ትንፋሽ አጠራት።”
“ምን ትበላለች?”
“ጉልበቴን።”
“እንግዲያማ ከዚህኛው ትሻላለች፤
ይኸ ገብስ ካልሆነ ዞር ብሎም አያይ።”
ፈረሱ ቀና አለ፣ ስሙ ሲነሳ ላይ።

ከመናዳሪውን አውጥተን ወንዙ ውስጥ ነከርን፤
አራት እጅ፣ አንድ ጎማ፤ ጎንበስ ብለን አየን።
ብልቅ፣ ብልቅ፣ አረፋ። “ያችውልህ!” አለ፣
ወርቅ እንዳገኘ ሰው እየተንከባለለ።
ፋቅን፣ ማስቲሽ ቀባን፣ እፍ አልን፣ ጠበቅን፤
ማስቲሹ እስኪደርቅ ብዙ ነገር አወቅን።
የሱ ልጅ ዳንግላ ነርስነት ትማራለች፤
የኔዋ ስልክ ካነሳች ሦስት ወር ሆናለች።
ለምን እንደነገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።
ፈረሱ ኮርቻዬን አሸተተ፣ አልወደደውም።

ከዚያ አብረን ሆነ። ዳገቱን እሱ ቀደመ፣
ላይ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ምንም ሳይል ቆመ።
ቁልቁለቱን እኔ፤ ታች ሆኜ ጠበቅኩት፤
ሲደርስ አልሳቅኩም።
ትንሽ ሳቅኩበት።
“ፋግታስ?” ብለው፣ “ቅርብ ናት” አለኝ እሱም።
ያን ጊዜ አልተሳደብኩም።

ይህ የካቻምና ነው።
ዘንድሮ በመስከረም ተመልሼ ሄድኩ፤
መንገዱን አጣሁት፤ ሦስቴ ዞሬ ፈለግኩ።
ዛፉ የለም። ጉቶ፤ በጉቶው መሐል ጤፍ፣
በጤፉ መሐል ደግሞ የጣት ቁመት ችግኝ
ተሰልፎ፣ ባንዲራ እንደሚጠብቅ፣ አየኝ።
“እምቢአለ የት አለ?” ብል፣ “ገበያ ነው” አሉኝ፤
“ገበያው የት ነው?” ብል፣
“ቅርብ ናት” አሉኝ።

ቤቴ ገባሁ። ማታ ሽሮ ልሠራ ብዬ
ምድጃዬ ላይ ከሰል ጨመርኩ ከጆንያዬ።
ቀጭን ነው፣ ሲነኩት እንደ ብርጭቆ ይጮሃል።
ከየት እንደመጣ ማን ጠይቆ ያውቃል?
ምናልባት ያ ሥር ነው፣ የዘለልኩት ያኔ፤
ምናልባትም አይደል፤ ምን አውቄ እኔ።
ቀላ። ተንጣጣ። ፍንጣሪ ዘለለ።
ቀኝ እጄ ባየር ላይ፣ እኔን ሳያስፈቅድ፣
ሁለት ጣት አጥፎ
ፍሬን ያዘ።